ስትሮክ አንደበት ሲይዝ፦ የትኛው ሕክምና ለማን ይሆናል?

ስትሮክ የመታው ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዱ «ስፒች ቴራፒ (የንግግርና የቋንቋ ሕክምና) ቶሎ አስጀምሩ» ይላል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የስልክ አፕ ይልካል። ሌላው ጭንቅላት ላይ ስለሚደረግ የኤሌክትሪክ ማሽን ሰምቷል። አንጎል ያነቃል የሚባል ክኒን የሚያውቅም አይጠፋም። ጎረቤት ደግሞ «ተዉት፣ ጊዜ ሲያገኝ በራሱ ይመለሳል» ትላለች። ቤተሰብ ግራ ይገባዋል። ገንዘቡ ውስን ነው፤ የአስታማሚው ጉልበትም እንደዚያው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ የልምምድ ሰዓት ግዙበት። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ከታማሚው ጋር የሚውሉ ሰዎች እንዴት እንደሚያናግሩት ይማሩበት። ማሽንና ክኒን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የደረስኩት ጥናቶቹን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ የተያዘው ምኑ ነው?

«አንደበቱ ተያዘ» ስንል ብዙ ዓይነት ችግር በአንድ እንጠቀልላለን። ሕክምናው ግን ለየቅል ነው።

አፌዥያ የሚባለው ቋንቋው ራሱ ሲጎዳ ነው። ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ቃሉ ግን አልመጣ ይለዋል። ወይም እሱ ይናገራል፣ ሰሚው ግን የሚይዘው ነገር ያጣል። የሌላው ሰው ንግግርም ሊምታታበት ይችላል። ማንበብና መጻፍም አብረው ይጎዳሉ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ይህ ያጋጥማቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ በአንጎል ግራ በኩል ነው።

ምላሱና ከንፈሩ ደክመው ንግግሩ የሚጎተትበት ሰው ሌላ ነው። የሚባለውን ይረዳል፤ ያነባል፤ እጁ ደህና ከሆነም ይጽፋል። እሱ የሚያስፈልገው ንግግሩን የሚያጠራ ልምምድ ነው። በመኪና አደጋ ወይም በመውደቅ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ቃላት አያጥረው ይሆናል። ችግሩ ጨዋታ መከተል፣ ተራ መጠበቅ፣ የጀመረውን ወሬ መጨረስ ላይ ነው።

በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚብስ የቋንቋ ችግርም አለ። የተዋናዩ ብሩስ ዊሊስ ቤተሰቦች በ2022 አፌዥያ አለበት አሉ። በ2023 ምክንያቱ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የተባለ፣ አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ መሆኑን ገለጹ። ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ይህ ንጽጽር እሱን አይመለከትም። በድንገት አፉ ለተያዘ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ንጽጽር አይደለም። በያዘው ደቂቃ ሆስፒታል ይወሰድ።

ስለዚህ ከምርጫው በፊት አንድ ባለሙያ የመረዳት፣ የመናገር፣ የማንበብና የመጻፍ አቅሙን ለየብቻ ይፈትሽ። ይህ ሳይደረግ የሚገዛ ሕክምና ሁሉ ግምት ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከምን ጋር ተነጻጸረ?» ነው። ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት አንጎል በራሱ ጊዜ ብዙ ያገግማል። በዚያ ወቅት ምንም ነገር ብትሰጡት «ከወሰደ በኋላ ተሻለው» ማለት ይቻላል። ሕክምናውን ያገኙ ሰዎች ካላገኙ መሰሎቻቸው ጋር ካልተነጻጸሩ ማሻሻሉ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው፣ «የተሻለው ምኑ ነው?» የሚለው ነው። በሥዕል የታየን ነገር ስም መጥራት አንድ ነገር ነው። ለሐኪም «ትናንት ማታ አሞኝ ነበር» ብሎ ማስረዳት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን አሻሽሎ ሁለተኛውን ያልነካ ሕክምና አለ፤ ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ከዚያ ሰዓቱ ይመጣል፦ በጠቅላላው ስንት ሰዓት ልምምድ ይገኝበታል? ቀጥሎ ቋንቋው፦ በአማርኛ ይሠራል ወይ? በመጨረሻም ወጪውና ድካሙ። ድካም ስል የታማሚውንም የቤተሰቡንም ማለቴ ነው። ግማሽ ላይ የተተወ ጥሩ ሕክምና እስከ መጨረሻ ከተሠራ መካከለኛ ሕክምና አይበልጥም።

ከባለሙያ ጋር የሚደረግ ስፒች ቴራፒ

ጠንካራው ማስረጃ እዚህ ነው። ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። በ2016 የወጣው ግምገማው 57 ጥናቶችንና ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎችን ሰብስቦ አየ። ስፒች ቴራፒ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ በመግባባት፣ በማንበብና በመጻፍ የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

«ስድስት ወር ካለፈ ተስፋ የለውም» የሚለው ወሬም በጀርመን ጥናት ፈርሷል። ጥናቱ በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። 156 ሰዎች ነበሩበት፤ ሁሉም ስትሮክ ከመታቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሆኗቸዋል። ግማሾቹ ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ታከሙ። ግማሾቹ ተራ ጠበቁ። የታከሙት በዕለት ተዕለት ንግግር ተሻሻሉ፤ ተራ የጠበቁት ባሉበት ቆዩ። ተራቸው ደርሶ ሲታከሙ እነሱም ተሻሻሉ።

ሰዓቱስ ስንት ይሁን? በግላስጎው ካሌዶኒያን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ከብዙ ጥናቶች የእያንዳንዱን ታካሚ መረጃ ሰብስቦ መረመረ። በአጠቃላይ ቋንቋ ትልቁ ለውጥ የታየው በጠቅላላው ከ20 እስከ 50 ሰዓት፣ በሳምንት ከ2 እስከ 4 ሰዓት በታከሙት ላይ ነው። የሚሰሙትን ለመረዳት ግን በሳምንት 9 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያገኙት ይበልጥ ተጠቅመዋል። ይህን ወደ ራሳችሁ ቀጠሮ መልሱት። በሳምንት አንዴ 45 ደቂቃ ብቻ የሚታከም ሰው 20 ሰዓት ለመሙላት ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል። «ቴራፒ ሞክረን አልሠራም» የሚሉ ቤተሰቦችን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስንት ሰዓት እንደሠሩ ነው።

ቶሎና ብዙ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ግን አይደለም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 246 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጠናከረ ቴራፒ ከተለመደው የተሻለ ውጤት አላመጣም። ስለዚህ አባታችሁ ሆስፒታል አልጋ ላይ እያለ በቀን ሁለቴ ቴራፒ አላገኘም ብላችሁ አትብሰልሰሉ።

ቴራፒው በተግባር ምን ይመስላል? ቃል ማምጣት ላይ የሚሠራ አንድ ዘዴ በቅርብ እንየው። የጀበና ሥዕል ይቀርባል። ታማሚው ስሙ አልመጣለትም። ቴራፒስቷ ስሙን አትነግረውም፤ በዙሪያው ትዞራለች። ምን ዓይነት ነገር ነው? የቤት ዕቃ። ምን ይሠራበታል? ቡና ይፈላበታል። ከምን ይሠራል? ከሸክላ። የት ይጣዳል? ከሰል ላይ። ምን ያስታውሳል? ዕጣን፣ ፈንዲሻ፣ ጎረቤት። በዚህ መሃል ቃሉ ብዙ ጊዜ ብቅ ይላል። ካልመጣ «ጀ…» ብላ ትጀምርለታለች። «ጀ» የሚለውን ፊደል በካርድ ማሳየትም ይቻላል። ዘዴው ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው። ከምግብ በፊት በአምስት ቃል መጀመር ይበቃል።

የተጠናከረ፣ «በአፍህ ብቻ» የሚባለው

በ2001 ፑልቨርሙለርና ባልደረቦቹ በጀርመን ያቀረቡት ዘዴ ነው። ታማሚዎች በትንሽ ቡድን ሆነው በካርድ ጨዋታ ይለማመዳሉ። በምልክት ማለፍ የለም፤ መናገር ግዴታ ነው። በቀን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት፣ ለ10 ቀን ይቆያል።

ቆይቶ በአውስትራሊያ 216 ሰዎች ላይ ሰፊ ጥናት ተደረገ። የንግግሩን ብቻ ዘዴ፣ ምልክትና ሥዕልም የሚፈቅደውን ዘዴ፣ እና የተለመደውን ሕክምና አነጻጸረ። ሁለቱም የተጠናከሩ ዘዴዎች 30 ሰዓት በሁለት ሳምንት ነበሩ። በዋናው የቋንቋ መለኪያ ከተለመደው ሕክምና ጎልተው አልታዩም። ቃል በማምጣት፣ በመግባባትና በኑሮ እርካታ ግን በልጠዋል። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ፦ ታማሚው በእጁ ሲያመለክት «በአፍህ ተናገር» እያላችሁ አታስጨንቁት። ምልክቱ ንግግሩን እንደሚያሰንፍበት ጥናቱ አላሳየም።

ዜማ

ውሃ መጠየቅ ያቃተው ሰው መዝሙር ከነግጥሙ ሊዘምር ይችላል። «አባታችን ሆይ»ን ወይም ፋቲሓን እስከ መጨረሻ ሊል ይችላል። እንዲህ በቃል የተያዘ ነገር ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ይተርፋል። ቤተሰብ ግን ይህን አይቶ «ሲፈልግማ ይናገራል» ብሎ ይቆጣል። ይህ ትልቅ በደል ነው። እያስመሰለ አይደለም።

በ1973 ቦስተን ውስጥ የተጀመረው የዜማ ቴራፒ በዚህ ላይ ተመሥርቷል። አጭርና የሚያስፈልግ አባባል ይመረጣል፤ ለምሳሌ «ውሃ ስጪኝ»። በሁለት የድምፅ ከፍታ፣ ከፍና ዝቅ እየተደረገ ይዜማል። በግራ እጅ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ጠረጴዛው መታ መታ ይደረጋል። ቴራፒስቱ መጀመሪያ አብሮ ያዜማል፣ ከዚያ ድምፁን እየቀነሰ ይተወዋል። በመጨረሻ ዜማው ወደ ተራ ንግግር ይመለሳል። ዘፈን ከማስደመጥ የሚለየው ይህ ነው፤ ዘፈን ብቻ መስማት ቋንቋ አይመልስም።

የሚጠቅመው ለተወሰነ ሰው ነው፦ የሚባለውን በደንብ ለሚረዳ፣ መናገሩ ግን ለከበደው። በ2011 ቱሳን ከተማ ጭንቅላቷን በጥይት የተመታችው የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ ከሕክምናዎቿ አንዱ የሙዚቃ ቴራፒ ነበር። ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው። የተለማመዱትን አባባል በደንብ ያመጣል፤ ወደ አዲስ ንግግር መሻገሩ ደካማ ነው።

የኮምፒውተርና የስልክ አፕ

በ2019 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት 278 ሰዎች ነበሩበት። አንደኛው ቡድን ለራሱ የሚጠቅሙ 100 ቃላት መርጦ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ለስድስት ወር ተለማመደ። ቃላቱን የማምጣት ችሎታው ከሌሎቹ በልጦ ታየ፤ ከተለመደው ሕክምና ጋር ያለው ልዩነት 16 በመቶ ገደማ ነበር። ከሰው ጋር ሲያወራ ግን ንግግሩ አልተለወጠም። ከላይ «የተሻለው ምኑ ነው?» ያልኩት ለዚህ ነው።

አፕ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ሰዓት ይሞላል፣ ርካሽ ነው፣ ታማሚው ብቻውን ይሠራበታል። ችግሩ ቋንቋው ነው። ገበያ ላይ የታወቁት አፖች በእንግሊዝኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች የተሠሩ ናቸው። በአማርኛ ለኖረ ሰው «አፕል» እያሉ ማስጠናት ምን ይጠቅመዋል? በስልካችሁ የቤቱን ዕቃ፣ የልጅ ልጆቹን፣ የሰፈሩን ሱቅ ፎቶ አንሱ። በእያንዳንዱ ላይ ስሙን በድምፅ ቅዱ። የጥናቱ ሰዎችም የሠሩት በመረጡት ቃል ነው።

ቤተሰብን ማሠልጠን

ይህ ከሁሉም ርካሹ፣ ከሁሉም ደግሞ የሚዘነጋው ነው። ኦራ ኬገንና ባልደረቦቿ በቶሮንቶ ያዘጋጁት ሥልጠና በ2001 ተፈትኗል። የሠለጠኑት ታማሚዎቹ ሳይሆኑ የሚያነጋግሯቸው ፈቃደኞች ናቸው። ሆኖም ታማሚዎቹ ጨዋታ ውስጥ የነበራቸው ተሳትፎ ተሻሻለ። ጭንቅላታቸው በአደጋ ለተጎዳ ሰዎችም በአውስትራሊያ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ታማሚውን ለብቻው ከማሠልጠን ከቅርብ ሰው ጋር ማሠልጠን በለጠ።

በተግባር እንዲህ ነው። አባት የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ «ያ… ያ… እዚያ» ይላል። ልጁ መገመት ትጀምራለች፦ «ውሃ? ስልክ? ሽንት ቤት? ምንድን ነው?» እሱ ይናደዳል፣ እሷ ታለቅሳለች። የሠለጠነችዋ ልጅ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፣ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። «አባዬ፣ ማወቅህን አውቃለሁ» ትላለች። ወረቀት ላይ በትልልቁ «ሰው / ዕቃ / ቦታ» ብላ ትጽፋለች። እጁን «ሰው» ላይ ያደርጋል። «ቤተሰብ / ጎረቤት / ዕድር» ትጽፋለች። «ዕድር» ላይ ያመለክታል። «የዕድሩ ወርሃዊ ክፍያ ነው?» አዎ፣ ክፍያው ቀርቶበት ኖሯል። በመጨረሻ ደግማ ታረጋግጣለች፦ «የዕድር እንድከፍል ነው የፈለግከው።» ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ሰውየው ያንን ቀን የቤቱ አባወራ ሆኖ ዋለ።

ይህ ዘዴ ቋንቋውን እንደ ቴራፒው አይጠግንም። ከቴራፒው ጋር እንጂ በእሱ ፋንታ አትያዙት።

ቡድን

በአሜሪካ በ1999 የታተመ 24 ሰዎች የነበሩበት ጥናት በሳምንት አምስት ሰዓት የቡድን ቴራፒ ያገኙት በቋንቋም በመግባባትም መሻሻላቸውን አሳይቷል። ወጪው ለአንድ ሰው ይቀንሳል። ብቸኝነቱንም ያቀልላል። አማርኛ ተናጋሪ ታማሚዎችን አንድ ላይ ማግኘት ግን ይከብዳል፤ በቪዲዮ መሞከር ይቻላል።

ኤሌክትሪክና ማግኔት

በራስ ቅል ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ዘዴ ብቻውን ሕክምና አይደለም። ከቴራፒ ጋር ነው የሚሰጠው። በ2018 በአሜሪካ 74 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት «ተስፋ አለው፣ ይቀጥል» ከማለት አላለፈም። የኮክሬን ግምገማም በዕለት ተዕለት መግባባት ላይ አስተማማኝ ጥቅም አላገኘም። አንጎልን በማግኔት የሚያነቃቃው ዘዴም ገና እየተጠና ነው፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋ አለው። ፈቃድ ባለው ጥናት ውስጥ በነጻ ካገኛችሁት ሐኪማችሁን አማክራችሁ ግቡ። በኢንተርኔት ማሽን ገዝቶ ቤት ውስጥ መሞከር ግን ይቅርባችሁ።

ክኒን

ለአፌዥያ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። የመርሳት በሽታ መድኃኒቶቹ ዶኔፔዚልና ሜማንቲን በስፔን በትንንሽ ጥናቶች ጥሩ ምልክት አሳይተዋል። ሁለቱም ጥናቶች 30 ሰው እንኳ አልነበራቸውም። የፓርኪንሰን በሽታ መድኃኒቶቹ ሌቮዶፓና ብሮሞክሪፕቲን አላዋጡም። የስቴም ሴል መርፌ ለዚህ ችግር አልተረጋገጠም፤ ቤት ሸጦ ለእሱ ውጭ አገር መሄድን አጥብቄ እቃወማለሁ።

የደም ግፊትና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ግን ሌላ ነገር ነው። ቋንቋ አይመልስም፤ ሁለተኛ ስትሮክ ይከላከላል። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦች ጸሎቱንና ክኒኑን አብረው ይያዙ። ድባቴም ብዙ ጊዜ ከስትሮክ በኋላ ይከተላል፤ የሚታከም ነው። ለልምምድ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ሰነፍ ሳይሆን ታሞ ሊሆን ይችላል።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ማስረጃ | በዋናነት የሚሻሻለው | በአማርኛ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ስፒች ቴራፒ ከባለሙያ ጋር | ጠንካራ | መናገር፣ መግባባት፣ ማንበብና መጻፍ | ባለሙያ ከተገኘ | ከፍ ያለ |
| የተጠናከረ የንግግር ልምምድ | መካከለኛ | ቃል ማምጣት፣ መግባባት | ባለሙያ ከተገኘ | ከፍተኛ፣ አድካሚም |
| የዜማ ቴራፒ | ውስን | የተለማመዱት አባባል | በቀላሉ ይሠራል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| አፕ፣ ኮምፒውተር | ጠንካራ፣ ለቃል ብቻ | የተመረጡ ቃላት | ራስ ካዘጋጁት | ዝቅተኛ |
| የቤተሰብ ሥልጠና | መካከለኛ | ጨዋታ፣ ተሳትፎ | ሙሉ በሙሉ | በጣም ዝቅተኛ |
| የቡድን ቴራፒ | መካከለኛ | መግባባት፣ ማኅበራዊ ኑሮ | ሰው ከተገኘ | ዝቅተኛ |
| ኤሌክትሪክ፣ ማግኔት | ያልተቋጨ | ገና እየተጠና | ቋንቋ አይመርጥም | ከፍተኛ |
| ክኒን | ደካማ | ያልተረጋገጠ | ቋንቋ አይመርጥም | ይለያያል |

ለእናንተ የትኛው?

*አቅማችሁ ውስን ከሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ።* የስፒች ቴራፒ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ማግኘት ይከብዳል። ገንዘባችሁን ለየሳምንቱ ቀጠሮ ከመበተን መጀመሪያ ለአንድ ጥሩ ምርመራና ለቤት ልምምድ ዕቅድ አውሉት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቤት ውስጥ ሥሩ። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ተመልሳችሁ ዕቅዱን አሳድሱ። ባለሙያው ሩቅ ከሆነ በቪዲዮ ጠይቁት። የቤተሰብ ሥልጠናውን ግን ዛሬውኑ ጀምሩት፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው።

*መካከለኛ አቅም ካላችሁ።* በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ቴራፒ፣ በቀሩት ቀናት የራሳችሁ ፎቶና ድምፅ። መረዳቱ በጣም የተጎዳ ከሆነ ሰዓቱን ጨምሩ፤ አፑን ቀንሱ።

*ዓመት ያለፈው ሰው ከሆነ።* የጀርመኑን ጥናት አስታውሱ። ለዓመት ሙሉ ጥቂት ጥቂት ከማድረግ ሦስት ሳምንት አጠንክሮ መሥራት ይሞከር። ጉልበቱ ከፈቀደ ብቻ።

*የሚረዳ፣ ግን ቃል የማይወጣው ሰው ከሆነ።* የዜማውን ዘዴ ጨምሩ። በ«ውሃ»፣ በ«ደህና ነኝ»፣ በሚስቱ ስም ጀምሩ።

*ውጭ አገር ከሆናችሁ።* ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው በሁለቱም ይፈተሽ። በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ብቻ የተፈተነች የአማርኛ ተናጋሪ እናት ከአቅሟ በታች ልትመዘን ትችላለች። በሁለተኛ ቋንቋ የሚሰጥ ሕክምናም ይጠቅማል፤ ወደ አማርኛው መሻገሩ ግን ዋስትና የለውም። ቤት ውስጥ በምን እንደምትነጋገሩ ለቴራፒስቱ ንገሩት። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አስተርጓሚው የተሳሳተውን ቃል አስተካክሎ እንዳይተረጉም አስቀድማችሁ አሳስቡ። ቴራፒስቱ የሚፈልገው ስህተቱን ነው። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም በዚሁ ምክንያት አይመከርም፤ ልጅ የእናቱን ንግግር ሳያስበው ያቃናል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመጀመራችሁ በፊት የአምስት ደቂቃ ጨዋታ በስልክ ቅረጹ፤ የሥዕል ፈተና ሳይሆን ተራ የቤት ወሬ ይሁን። 20 ሰዓት ሲሞላ ከዚያው ሰው ጋር ደግማችሁ ቅረጹና ሁለቱን ለቴራፒስቱ አሳዩ። ለውጥ ከሌለ ሰውየው አይሆንለትም ከማለታችሁ በፊት ዘዴው ይቀየር።